በጎንደር ቤት የምትይዘው ቀመሪያ

በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ገበያ የእኔን የቁልፍ መጠገኛና የቀመሪያን ሱቅ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ቆርቆሮ ድምፅ አያስቀርም፤ እርሷም ስልክ ስታናግር ድምፅዋን አትቀንስም። ስለዚህ ስለ እርሷ ከምጽፈው አብዛኛው በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው። እኔ በሌለሁበት የተፈጸመውን ደግሞ የወንድሜን ልጅ አዜብን ጠይቄ፣ መልሳ እንድትነግረኝ አድርጌ፣ ቃሏ አለመለዋወጡን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው የጻፍኩት።

ቀመሪያ የነጋዴ ልጅ ናት። በጉልበቷ ዘመን ከእስቴ ምስር አስጭና ትወጣለች፤ ከጎንደር ኩታ፣ ነጠላና ጋቢ ይዛ ትመለሳለች። በጭነት መኪና ላይ፣ በከረጢት መካከል ተቀምጣ ስታልፍ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። በጎንደር፣ በአዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ ሸማኔዎች ልጆቻቸው ሲዳሩ እርሷን ሳይጠሩ አይድሩም ነበር። በኋላ ጉልበቷ ታመመ። ከመኪና ስትወርድ ሰው የሚደግፋት ሆነችና መንገዱን ተወችው፤ በሱቋ ካልሲና ሻሽ መሸጥ ጀመረች።

እርሷ መሄዱን ብትተውም ሰው እርሷን መጠየቁን አልተወም። ሙሽራ የምትዳርበትን ልብስ ጥለቱን ራሷ ካልመረጠች አይሆንም በሚባልበት ዘመን ላይ ደርሰናል፤ ለሕክምና የሚሄደውም ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ጎንደር ሲደርሱ የት ይደሩ? ዘመድ ያለው ዘመዱን ማስቸገር ይፈራል። ሆቴል የሚባለው ደግሞ ከአልጋው በታች መጠጥ ቤት አለው፤ ሽማግሌና ካህን የሚያድርበት አይደለም። በከተማው ግን ዕቃው ተሟልቶ በቀን የሚከራይ ቤት በዝቷል፤ ባለቤቶቹ ቤታቸውን በስልክ ያሳያሉ። ቀመሪያ እነዚህን ባለቤቶች አንድ በአንድ አፈላልጋ ያዘች፤ ከእስቴ ለሚሄደው ሰው በሱቋ ተቀምጣ ቤት ትይዝለት ጀመር።

አያያዟን ሰምቼዋለሁ። «ደረጃ አለው? ሽማግሌ ናቸው፣ ምድር ቤት ካልሆነ አልፈልግም።» «የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል?» ለእስላም እንግዳ ከሆነ፣ «ቂብላው በየት በኩል ነው? መስገጃ የሚዘረጋበት ቦታ አሳየኝ።» በጾም ወራት ደግሞ የቤቱን ድስት ሁሉ ክዳኑን እያስከፈተች በስልክ ታያለች። «ይኼኛው የሥጋ ነው፤ አውጣልኝ፤ አዲስ አስገባ» ትላለች። ባለቤቶቹ ይነጫነጩባታል፤ ይሁን እንጂ ያወጣሉ።

እኔ በሥራው አላመንኩም። ያላየችውን ቤት ላላየው ሰው መስጠት ምን ዓይነት ንግድ ነው? አንድ ቀን በግልጽ ነገርኳት።

«ቀመሪያ፣ የምትሸጪው ነፋስ ነው» አልኳት።

«አያ ይታየው፣ አንተ የምትሸጠው ሥጋት ነው» አለችኝ፤ «የእኔው አልጋ እንኳ አለው።»

ነገር ግን እርሷም ብትሆን ተማምና የምትተኛ አልነበረችም። እንግዶቿ መንገድ በገቡ ቀን አትቀመጥም። ካልሲውን ታወርዳለች፣ መልሳ ትሰቅላለች፤ ደጃፍ ወጥታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ ታያለች፣ መኪናው ከሄደ ግማሽ ቀን እንዳለፈው እያወቀች። «ገብተናል» የሚል ስልክ እስኪመጣላት ድረስ እህል አትቀምስም። መሕቡብ የሚባል ልጇ አዲስ አበባ ይኖራል፤ ሱቁን ዘግታ እርሱ ጋር እንድትኖር ዘወትር ይለምናታል። በአንድ ወቅት ስታናግረው እንዲህ ብላ ቃል ስትሰጥ በግድግዳው በኩል ሰማሁ፦

«አንድ እንግዳዬ ደጅ የቀረ ዕለት ሱቁን ዘግቼ እመጣልሃለሁ። እስከዚያ አትጨቅጭቀኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ምን ልሠራ ነው? ግድግዳ ሳይ ልውል?»

እንዲህ ያለ ቃል መስጠት አይገባም ነበር። ቃል ካፍ ከወጣ በኋላ ቀኑን ይጠብቃል።

ቀኑም በጥር መጣ። አዜብ ልትዳር ነው። የእናቷ አባት መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል፣ ቤተ ልሔም በተባለው ደብር የድጓ ዜማ የተማሩ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጎንደር የተሸመነውን የልጅ ልጃቸውን የሙሽርነት ልብስ ባርከው ካልተቀበሉ ሌላ ሰው አይቀበለውም አሉ። ስለዚህ ሁለቱ ጎንደር ሊሄዱ ሆነ። ወንድሜ ቤቱን በቀመሪያ አስያዘ፤ እኔን ደግሞ «እስኪገቡ ድረስ ከሱቋ አትራቅ» አለኝ። ባይለኝም አልርቅም ነበር።

በማለዳ ተሳፈሩ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር፣ አዜብ ደወለች። ቀመሪያ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፍታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ ቀመሪያ፣ ደርሰናል። ቁልፉንም አገኘሁት።»

«አልሐምዱሊላህ! በሉ ግቡና እረፉ።»

«በሩንም ከፍቼዋለሁ። አያቴ ግን አልገባም አሉ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ ቁልፍ የተቀመጠው በበሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ በተተከለች ትንሽ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኗ የምትከፈተው በቁጥር ነው። ቁልፍ ከሰው እጅ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ሲያድር፣ ይህን ያህል ዘመን ቁልፍ ስሠራ፣ ሰምቼ አላውቅም። አዜብ ቁጥሩን ነካክታ ከፈተች። መሪጌታ ከደፉ ላይ ቆመው እንደ ወጉ «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ። መልስ የለም። ደግመው ተጣሩ። ዝም። ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ከበሩ ሥር ነጠላ ጫማ ተቀምጧል፤ በወንበሩ ላይ ንጹሕ ጋቢ ተጣጥፎ ተንጠልጥሏል፤ በገበታው ላይ ብርቱካን አለ። ወዲያው ወደ ኋላ ተመልሰው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ቀመሪያ፣ «ስጫቸው እስቲ» አለች። «መሪጌታ፣ እንኳን በሰላም ገቡ።»

«ገና አልገባንም፣ ልጄ። ባለቤቱን እየጠበቅን ነው።»

«ባለቤቱ የለም እኮ። ባሕር ዳር ነው ያለው።»

«የለም፣ እዚሁ ነው። ጋቢውን ጥሎ የወጣ ሰው ሩቅ አይሄድም።»

«መሪጌታ፣ ጋቢው የእንግዳ ነው። እርስዎ እንዲለብሱት ነው የተቀመጠው።»

«ማን አስቀመጠው?»

«ባለቤቱ።»

«ታዲያ ሰጪው በሌለበት እኔ እንዴት አነሣዋለሁ? ሰጪ በሌለበት የሚቀበል ሰው ስሙ ምን እንደሚባል አንቺም አታጪውም።»

ልክ ነበሩ። ልክ መሆናቸውንም ለቀመሪያ ነገርኳት። ዓይኗን አፍጥጣ፣ «አያ ይታየው፣ ከቻልህ እርዳኝ፤ ካልቻልህ ካልሲ አጣጥፍልኝ» አለችኝ።

ወደ ቤቱ ባለቤት ደወለች። ሰውነት ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ቤቱን ባሕር ዳር ሆኖ በስልክ ነው የሚያስተዳድረው።

«ሰላም ነው ማዘር? ኮዱ አልሠራም እንዴ?»

«ኮዱ ሠርቷል። አንተ ነህ የጎደልኸው። ሽማግሌው ሰው በሌለበት ቤት አልገባም አሉ።»

«ሴልፍ ቼክ ኢን ነው እኮ ማዘር! ቁልፉን ይወስዳሉ፣ ይገባሉ፣ አለቀ። ፈረንጆቹ እንኳ የሚያስቸግሩት ነገር የለም።»

«ፈረንጁ ሲገባ ማን 'ይግቡ' ይለዋል?»

«ማንም።»

«አላህ ይዘንለት» አለች ቀመሪያ። «በል፣ አሁን ደውልና ራስህ 'ይግቡ' በላቸው።»

ሰውነት ደወለ። መሪጌታ በትሕትና እንዳናገሩት አዜብ ነግራኛለች። «ይግቡ አባት፣ ቤቱ የራስዎ ነው፣ ፍሪ ይሁኑ» አላቸው።

«ድምፅህ ደርሶኛል፣ ልጄ። አንተስ መቼ ትደርሳለህ?»

«እኔ ባሕር ዳር ነኝ፣ አባት።»

«ይሁን። ቀስ ብለህ ና። እንጠብቅሃለን።»

ሰውነት መልሶ ለቀመሪያ ሲደውል ድምፁ ተለውጦ ነበር። የግቢውን ዘበኛ ልላክ ወይ አለ። ተላከም። መሪጌታ ግን ዘበኛ በር ይጠብቃል እንጂ እንግዳ አይቀበልም ብለው፣ ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ሰጡና አሰናበቱት።

ፀሐይዋ ዝቅ አለች። ቀመሪያ ከሱቁ ደጃፍ እስከ መደርደሪያው ትመላለሳለች፤ የታመመ ጉልበቷን በእጇ ይዛ ነው የምትመላለስ። ከዚያ አዜብ እንደገና ደወለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«እትዬ፣ አያቴ ቢመሽም አትጨነቂ አሉኝ። አቅራቢያ ቤተ ክርስቲያን አይተዋል። ደጀ ሰላም እናድራለን፣ የእግዚአብሔር ደጅ ባለቤት አለው ብለዋል።»

ቀመሪያ ስልኩን ዘግታ ቆመች።

«ደጀ ሰላም ያደሩ እንደሆነ» አለችኝ፣ «ጧት ቅዳሴ የሚመጣው የጎንደር ደቀ መዝሙራቸው ሁሉ ያያቸዋል። 'መምህራችን ለምን እዚህ አደሩ?' ይላል። 'ቀመሪያ ናት የላከችን' ይላሉ፤ መሪጌታ አይዋሹም። ከዚያ በኋላ ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ እስቴ ይገባል። 'እስላሟ መሪጌታን በብርድ አሳደረቻቸው' የሚል ሰው አይጠፋም። ይጠፋል?»

«አይጠፋም» አልኳት። የማውቀውን ነው የተናገርኩት።

«ያኔ ማን ያምነኛል? ከዚያ ወዲያ እዚህ ገበያ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?»

ካልሲዎቿን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

እንደገና ስልኩን አነሣች። በዚህ ጊዜ የደወለችው ለሀሊማ ነው። ሀሊማ የአዲስ ዓለም ሸማኔ ሚስት ናት፤ የአዜብን ልብስ የሠራው ባሏ ነው። ቤታቸው አንድ ክፍል ሆኖ እርሱንም የሽመና ዕቃው ሞልቶታል፤ እንግዳ አያሳድርም። ቀመሪያ ግን የለመነቻት ሌላ ነገር ነው።

«ሀሊማዬ፣ ሩጪልኝ። እዚያ ቤት ሄደሽ እንደ ባለቤት ተቀበያቸው። 'ይግቡ' በያቸው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«በሰው ቤት?»

«ባለቤቱ ፈቅዷል።»

ሀሊማ ሄደች። ቀመሪያ ወንበር ስቤ ብሰጣት አልቀመጥ አለች። ስልኩ ሲጮህ ገና በመጀመሪያው አነሣችው።

«ቀመርዬ፣ ደርሻለሁ። ሽማግሌው ከአንዲት ልጅ ጋር በደጃፋቸው ተቀምጠዋል። እንግዶቹ ግን የሉም።»

«የትኛው ሽማግሌ?»

«የቤቱ ጌታ ናቸዋ! ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ። ስመጣ ጊዜ 'ኖር' ብለው ተነሡልኝ፤ እኔም አላህ ያኑርዎ አልኳቸው። አሁን 'ይግቡ' እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነው።»

ከስልኩ ወዲያ የመሪጌታ ድምፅ ተሰማ። «እመቤት፣ ይግቡ እንጂ። ጋቢውን ጥለውት የወጡት ባልዎ ናቸው መሰል። እኛ የርስዎን ፈቃድ ነው የምንጠብቅ።»

«እኔስ የእርስዎን አይደል!» አለች ሀሊማ።

እንዲህ ሆነው ሁለቱም ቆሙ። እርሷ ባለቤት ነኝ ብላ መዋሸት አፈረች፤ «ባለቤቱ ፈቅዷል» ብትላቸውም፣ «እንግዲያ አንቺም እንደኛው እንግዳ ነሽ፤ ነይ ተቀመጪ» ብለው ከድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቁላት። ተቀመጠች። ይህን ስሰማ የሆነ ድምፅ ከአፌ አመለጠኝ፤ ቀመሪያ ሳቅህ ብላ ተቆጣችኝ። ቁልፍ በሣጥን ትቶ ሌላ ከተማ የሄደ ሰው የሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ አስታራቂ እንጂ ሣቂ አያስፈልገውም።

በዚህ መካከል ገበያው ተፈታ። ሱቆች ይዘጋሉ። ቀመሪያ ግንባሯን በመደርደሪያው ላይ አስደግፋ ጥቂት ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ነበር።

«አዜብን ስጪኝ» አለቻት ሀሊማን። «አዜብ፣ ድምፅ ማጉያውን ዝጊና ብቻሽን ስሚኝ።» የእኛን ግን አልዘጋችውም።

«እሺ እትዬ።»

«ጫማሽን አውልቂና ግቢ።»

«አያቴ ሳይፈቅዱ?»

«ከወር በኋላ የራስሽ ቤት አለሽ አይደለም? እዚያስ ማን ሲፈቅድልሽ ነው የምትገቢ? ግቢ። ነጠላሽን አደግድጊ። ምድጃውን ለኩሺና ውኃ አሙቂ። ሳፋ ፈልጊ፤ ያለበትን በስልክ አይቼዋለሁ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነው። ከዚያ ውኃውን ይዘሽ በሩ ላይ ቁሚ።»

«ምን ልበል?»

«እናትሽ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን ትያለሽ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አዜብ ነው የነገረችኝ። በመጀመሪያ ምድጃውን መለኮስ አቃታት፤ ኋላ ተቃናላት። ውኃው ሲሞቅ ሳፋውን ይዛ ወጣች። መሪጌታና ሀሊማ ስለ ልብሱ ጥለት እየተነጋገሩ ነበር። በደፉ ላይ ቆማ፣ «አያቴ፣ መንገድ አድክሞዎታል፣ ይግቡ፤ እግርዎን ልጠብዎ። እትዬም ይግቡ» አለች።

መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋት። «ቤቱ የማን ነው?» አሏት።

«እስክንሄድ ድረስ የእኔ ነው። ተከራይቼዋለሁ።»

«ጋቢውስ?»

አዜብ ሳፋውን አስቀምጣ ተመለሰች፤ ጋቢውን ከወንበሩ አንሥታ በትከሻቸው ላይ ጣለችው። «እኔ ሰጠሁዎ» አለች።

ሽማግሌው ጋቢውን በትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ «እመቤቲቱ ከፈቀደች እንገባለን» ብለው፣ በግእዝ ለቤቱ ሰላምታ ሰጥተው ገቡ። ሀሊማም ተከትላ ገባች፤ ይዛው የመጣችው የሙሽራዋ ልብስም በዚያው ተዘርግቶ ተባረከ። አዜብ ይህን ስትነግረኝ ስለ ልብሱ የተናገረችው ጥቂት ነው፤ ደጋግማ ያነሣችው «እመቤቲቱ» መባሏን ነው።

«ገብተናል» የሚለው ስልክ ሲመጣ እኛ ዘንድ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ቀመሪያ ተቀመጠች። እኔም ሱቄን ለመዝጋት ተነሣሁ።

«አያ ይታየው፣ ቆይ» አለችኝ። «አንተ ሰው አታምንም፤ ለሰው ብለህም አታዳላም። እንግዳዬ ደጅ ቀርቷል ወይስ አልቀረም?»

ለመሕቡብ የሰጠችው ቃል መሆኑ ገባኝ። ማለዘብ እችል ነበር፤ ማለዘብ ግን ሥራዬ አይደለም።

«ብርድ ሳይመታቸው ገብተዋል» አልኳት። «ነገር ግን ያስገባቻቸው አዜብ ናት። ወጉን የማታውቅ ልጅ ብትሆን ኖሮ ደጅ ነበሩ። የሚቀጥለው እንግዳሽ አዜብን ይዞ አይሄድም።»

ራሷን ነቀነቀች። ያንኑ ማታ ለልጇ ደውላ ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረችው። በግድግዳው በኩል የልጁን ደስታ ሰማሁ፤ «ነገውኑ ተነሽ፣ እማ!» ይላል።

በማግስቱ በማለዳ ትንሽ ሻንጣ ይዛ መናኸሪያ አገኘኋት። ሱቁ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ረዳቱ ደግፎ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው መኪና ላይ ሲያወጣት ከሕመሟ የተነሣ አቃሰተች።

«ወደ ልጅሽ ነው?» አልኳት።

«ወደ ልጄ ነው። ነገር ግን አስቀድሜ በጎንደር በኩል አልፋለሁ። ለያዝኳቸው ቤቶች ሁሉ በር ላይ የሚቆም ሰው ሳላስቀምጥ አልሄድም። ሀሊማን ለሰውነት ቤት አስማምቻታለሁ። የቀሩትን ቤቶች ደግሞ በዓይኔ ማየት አለብኝ፤ በስልክ ሳየው ጋቢው ጋቢ ብቻ፣ ጫማውም ጫማ ብቻ ነበር የመሰለኝ፤ ሰጪ እንደሚያሻው አላሰብኩም።»

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴ እዚህም ተቀምጦ አልዳነ!»

መኪናው ሄደ። ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ለሁለት ቤት ሰው ስታገኝ ሌላ ሁለት ቤት ይጨመራል፤ በዚያም ላይ መንገዱ ሲዘጋ ትመለሳለች፣ ሲከፈት ትሄዳለች። ሱቋን የምትከፍተው በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም ሻንጣዋ ከመደርደሪያው ሥር እንደታሠረ ነው። ልጇን አታታልለውም ብዬ መመስከር አልችልም፤ እያታለለችው ነው ለማለትም ማስረጃ የለኝም።

ባለፈው ገበያ ቀን ደውሎላት ነበር።

«እማ፣ የት ደረስሽ?»

«መንገድ ላይ ነኝ፣ ልጄ» አለችው። ለአንዲት ገበሬ የልጅ ካልሲ እየለካች ነበር።